አይከፋም ማለት ስንት ነው?

ባሌ ቶርኪል አንድን ነገር "አይከፋም" ካለ፣ ያ ነገር ወደር የለውም ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን ወልጄ አቅፌ ሳሳየው አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ አያትና "ጉድለት የለባትም" አለ። እኔ እዚሁ ዴንማርክ ውስጥ ካለችው ከፊን ደሴት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሰው ደስ ሲለው ደስ አለኝ ይላል። ያን ቀን ባሌ ልጅቷን አልወደዳትም ብዬ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ነርሷ የዚሁ የምዕራብ ዩትላንድ ሰው ናት። ትራሴን እያስተካከለች "ምን ያስለቅስሻል? እሱ እንደዚያ አፉን ሞልቶ ሲናገር እኔ ራሴ ደንግጫለሁ" አለችኝ።

በእንዲህ ያለ ሕዝብ መሃል ነው እንግዲህ ገምጋሚ የመጣብን።

ቬስተርኬር በምትባል፣ ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ ሳያንኳኳ በሚገባባት መንደር የብረት ምድጃ እንሠራለን፤ ሳሎን ውስጥ የሚቆም፣ እንጨት የሚነድበት፣ የመስታወት በር ያለው። ቶርኪል የብየዳ ክፍሉ ኃላፊ ነው። እኔ ደግሞ የትኛው ምድጃ መቼ ተቆርጦ፣ መቼ ተበይዶ፣ መቼ ቀለም ተቀብቶ እንደሚወጣ አቅዳለሁ፤ ማለትም ቀኑን ሙሉ ሰው እነዘንዛለሁ። ኮፐንሃገን ያለው ዋና መሥሪያ ቤታችን ሌላም የምድጃ ፋብሪካ አለው፣ እዚያው ደጁ ላይ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ክሬስተን በምሳ ሰዓት ገባና ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ነገሩን አወጣው። አዲስ የማምረቻ መስመር ሊገዛ ነው፤ ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ፣ ቀብቶ ራሱ የሚጨርስ። የሚተከለው ግን በአንዱ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ሌላው ይዘጋል። ለአዲሱ ቴክኖሎጂ ማን ይበልጥ እንደተዘጋጀ ገምጋሚ መጥቶ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። የኮፐንሃገኖቹ ከወዲሁ ተገምግመው ሦስት ነጥብ ስምንት አምጥተዋል።

"እኛ ከዚያ በላይ ካላመጣንስ?" አልኩት።

"እንግዲህ..." አለ ክሬስተን፣ ዝምም አለ። እዚህ አገር "እንግዲህ" ብሎ ዝም ያለ ሰው መርዶ አርድቷል።

ያን ዕለት እቤት እንደገባን ለቶርኪል ቁርጡን ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር።

"ስማኝ ቶርኪል" አልኩት። "ይሄ ፋብሪካ ከተዘጋ እኔ እዚህ ተቀምጬ ነፋስ አላዳምጥም። በዚህ መንደር የማውቀው ሰው ሁሉ የፋብሪካው ሰው ነው። ሳወራ የምውለው እዚያ ነው። እህቴ መሥሪያ ቤታቸው ሰው እንደሚፈልግ ነግራኛለች። እሄዳለሁ።"

ቢላዋው ቆመ። "ኦደንሴ?" አለ፤ እህቴ ያለችባት የፊን ከተማ ናት።

"ኦደንሴ።"

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ "እህ" አለና ድንቹን መላጥ ቀጠለ። እሱን ይዤው ልሂድ ማለት ደግሞ አይታሰብም። አንዴ ለእህቴ ሠርግ ወስጄው ዛፍ በዛብኝ፣ ሰማዩ ጠፋብኝ ብሎ ሁለተኛ ቀኑን ሳናገባድድ ተመልሰናል። ለማስፈራራት ያልኩት እንዳይመስላችሁ። ሆዴ እየባባ ነው ያልኩት፤ ያልኩትንም ማድረጌ አይቀርም ነበር፣ እሱም ያውቀዋል።

እኔን ያስፈራኝ ታዲያ ማሽኑ አልነበረም። ማሽን በማሽን ነን። ቶርኪል ኪሳራ ከዘጋው የመርከብ መሥሪያ አንድ አሮጌ የብየዳ ሮቦት በትራክተር ጎትቶ አምጥቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ፣ ዛሬ ያ ሮቦት ፀጉር የማያስገባ ብየዳ ይበይዳል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የጻፍኩት ትእዛዝ ማንም ሳይሸከመው መቁረጫው ዘንድ ይደርሳል። የቀለም ማድረቂያው ሙቀቱ ሲዛባ ራሱ ይናገራል። ያስፈራኝ የሰዎቹ አፍ ነው። ምክንያቱም በዚህ ግምገማ ነጥቡ የሚሰጠው ሠራተኛው ስለራሱ በሚናገረው ነው ተብሏል፤ እያንዳንዱ ይጠየቃል፣ ያለው ይጻፋል።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ትኩስ ዳቦ በምንበላበት ሰዓት፣ ሁሉንም ሰብስቤ ማሠልጠን ጀመርኩ።

"አይጊል፣ ተነስ" አልኩ። አይጊል ቀለም ቀቢያችንና የሠራተኛው ተወካይ ነው። በር የሚያክል ሰውዬ ነው። ስለ አንድ ጥንድ ጓንት ከዋና መሥሪያ ቤት ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል። "የብየዳው ሮቦት እንዴት ነው?"

"ቆሟል አይባልም።"

"አይደለም። 'በጣም ጥሩ ነው' በል።"

አይጊል ዙሪያውን አየ። "ለማን ነው የምለው?"

"ለገምጋሚዋ።"

"እሷ ዓይን የላትም?"

"አላት። ግን ከአፍህ መስማት ትፈልጋለች።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ሮቦቱ" አለ። "ሮቦቱ በ... እንደው እንደ ሮቦትነቱ መቼም..." አንገቱ ድረስ ቀልቶ ቁጭ አለ። "አንቺ ሴትዮ፣ ቶርኪል እኮ እዚሁ ተቀምጧል። የሠራው እሱ ነው። ፊት ለፊቱ እንዴት አድርጌ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምለው? ነገ እንዴት ነው የምንተያየው?"

ወደ ቶርኪል ዞርኩ። "አንተስ? እስቲ አንድ ነገር አመስግን።"

ቶርኪል የያዘውን ዳቦ ገልበጥ አድርጎ አየው። "ቅቤ አለው" አለ።

ቆሽቴ አረረ።

ገምጋሚዋ ሰኞ መጣች። ሲሰል ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ እግሯ ፈጣን፣ ሰው ሲናገር ከልቧ የምታዳምጥ የኮፐንሃገን ልጅ ናት። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ለእንግዳ ክብር ብዬ ጠረጴዛው ላይ ትንሿን ባንዲራ አቆምኩላት። አይጊል ጎኔን ነካ አድርጎ "ባንዲራው አልበዛም?" አለኝ።

ታብሌቷን ይዛ በየክፍሉ ዞረች። እኔም ሥራ ያለኝ መስዬ ከኋላ ከኋላዋ አልኩ። ምነው ባልሰማሁ።

"ማሽኖቻችሁ እርስ በርስ ምን ያህል ይግባባሉ?" አለችው ለቶርኪል።

ቶርኪል አሰበበት። ቸኩሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። "ተጣልተው አያውቁም" አለ።

"ታዲያ ሦስት ልበል?"

"ሦስት ብዙ ነው።"

አይጊል ዘንድ ሄደች። "ማሽኖቹ የሚሰጡትን መረጃ ትጠቀሙበታላችሁ?"

"እንቅልፍ ካልወሰደን እናየዋለን።"

"ሠራተኛው አዲስ ነገር ለመማር ያለው ፍላጎትስ?"

"እስካሁን የሞተ የለም።"

ክሬስተንን ስለ አመራሩ ብቃት ጠየቀችው፤ ማለትም ስለራሱ። "የባሰ አይቻለሁ" አላት። ሥራ አስኪያጅ ነው እንግዲህ ይሄ። በየመልሱ ጣቷ ታብሌቱ ላይ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ፤ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ልቤም አብሮ ይወርድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። "ቦዲል፣ አዝናለሁ" አለችኝ። "አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው። በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት አልገጥም አለኝ። ያ ሮቦት ሲሠራ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ሰዎቹን ስጠይቃቸው ግን ቤታቸው የተቃጠለባቸው ይመስላሉ። እኔ ደግሞ የሚሉትን ነው የምጽፈው።"

"ቋንቋቸውን ስለማታውቂው ነው።"

"እኔም እኮ የዴንማርክ ሰው ነኝ።"

"እሱማ ነሽ። ነይ፣ ላሳይሽ።"

እጇን ይዤ አይጊል ዘንድ ወሰድኳት። የቀለም ጠመንጃውን እያጠበ ነበር። "አይጊል፣ የልጅ ልጅህ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ይተነፍሳል።"

"ፎቶውን አሳያት።"

እጁን ጠረገ። የምሳ ዕቃውን ከፈተ፤ ክዳኑ ውስጥ የሕፃኑ ፎቶ ተለጥፏል። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ሕፃኑ ሲታጠብ፣ ሕፃኑ ሲያስነጥስ፣ ሕፃኑ ሄሪንግ ዓሣ ሲያይ። አይጊል አንድም ቃል ሳይተነፍስ ያን ወፍራም ጣቱን እያንሸራተተ ሁሉንም አሳያት፤ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ሊጀምርላት ሲል ነው ያስጣልኳት።

"'ይተነፍሳል' ስንት ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አምስት። ስድስት ካለሽ ስድስት ስጪው።"

ቢሮዬ ተመልሰን ቁጭ ብለን ቃል በቃል ፈታሁላት። "አይከፋም" አምስት ነው። "ቆሟል አይባልም" እሱም አምስት። "ተጣልተው አያውቁም" አራት ከምናምን። "የባሰ አይቻለሁ" አራት። "ይሠራል" ካሉሽ ሦስት። "ለየት ያለ ነው" ካሉሽ ግን ዜሮ ነው፤ ያን ማሽን ባሕር ሊከቱት እየተማከሩ ነው ማለት ነው። ሲሰል እየሳቀች ጻፈች፤ ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። "ነገ ሁሉንም እንደ አዲስ እጠይቃለሁ" አለች። "የሚሉትን እሰማለሁ፣ እንዳልሽኝ እፈታዋለሁ።" አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ ጥሩ ነበር። ግን እኔ ንዴቴን ውጬ አላውቅም። ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አይጊል፣ ቶርኪልና ሌሎቹ ተሰብስበው ቆመው አገኘኋቸው።

"ስንት ሰጠችን?" አለ አይጊል።

"አንድ ነጥብ ዘጠኝ" አልኳቸው። "ማሽናችሁ አይደለም የጣላችሁ፣ አፋችሁ ነው። አንድ ጥሩ ቃል ማውጣት አቅቷችሁ መንደሩን ሙሉ ቀበራችሁት። እኔ ሻንጣዬን ላዘጋጅ።" ስለ ትርጉሙ ትንፍሽ አላልኩም። ትንሽ ይቃጠሉ ብዬ ነው። ቶርኪል የብስክሌቱን ደወል ደጋግሞ ያብስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አይጊል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አጣብቆ ማድረቂያው አጠገብ ቆሞ ጠበቀን።

"አይጊል" አለችው ሲሰል በፈገግታ፣ "የቀለም ማድረቂያው እንዴት ነው?"

አይጊል ዓይኑን ጨፈነ። "ግሩም ድንቅ ነው" አለ። "እንዲህ ያለ የትም የለም። እኛም ግሩም ነን።" ዓይኑን ከፍቶ ግንባሩን ጠረገ፤ እኔን አየኝ፣ ደህና አደረግኩ ለማለት።

ሲሰል የትናንቱን ማስታወሻዋን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። ወደ እኔ ዞረች። "'ግሩም' እዚህ የለም። ስንት ነው?"

ምን ልበላት። በዚህ አገር "ግሩም" የሚባለው አውሎ ነፋስ የበረቱን ጣሪያ ነቅሎ ሲሄድ ነው። ቶርኪል "ግሩም" ሲል የሰማሁት ትራክተሩ ቦይ ውስጥ በገባ ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ነገርኳት።

"ስለዚህ ዜሮ?"

"አይ፣ ዛሬስ ከልቡ ነው።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም ከልቡ ነው።"

"ስለዚህ ትናንት ዝቅ አድርጎ ሲናገር ከፍ አድርጌ ልያዘው፣ ዛሬ ከፍ አድርጎ ሲናገር ግን እንዳለ ልያዘው?"

"እንደዚያ።"

"ነገ ቢጠየቅስ?"

ክሬስተን ደግሞ ከበስተጀርባችን ብቅ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "አመራሩ እጹብ ነው" ብሎ ሮጦ ሄደ።

ሲሰል ወደ ብየዳው ክፍል ሄደች፤ ቶርኪልን ለመጨረሻ አስቀምጣው ነበር። "ቶርኪል፣ ስለ ሮቦቱ በራስህ አፍ ንገረኝ። ማንም ያስጠናህን አይደለም።" ቶርኪል ወደ እኔ አየ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለም። እኔም በሆዴ በል፣ አንድ ቃል፣ ለእኔ ስትል አንድ ቃል እላለሁ። አፉን መልሶ ዘጋው። "ሥራ አለብኝ" አለና የብየዳ መነጽሩን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ። ያኔ ቅስሜ ተሰበረ። መሄዴን ፈልጎታል ማለት ነው አልኩ ለራሴ። ወይም ቢያንስ፣ መሄዴ አንድ ቃል አያወጣም።

ሲሰል ታብሌቷን ብብቷ ስር ከተተች። "ከአሁን ጀምሮ ማንም ምንም እንዳይነግረኝ" አለች። "ደንቡ አንድ መንገድ ይፈቅድልኛል። በቃል ማስረዳት ካልተቻለ በሥራ አይቼ እሰጣለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁና የሠራተኛው ተወካይ ነጥቡ ልክ ነው ብለው መፈረም አለባቸው። ካልፈረሙ የትናንቱ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው የሚላከው።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ። አይ የኔ ነገር።

ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠችና እኛ ሠርተን የማናውቀውን ምድጃ አዘዘች። ቁመቱ ከሁሉም ያጠረ፣ ሆዱ የሰፋ። ቁልፉን ተጫነች። መቁረጫው ወዲያው ተነሳ። ላሜራው ተቆረጠ፣ ታጠፈ፣ ሮቦቱ ዘንድ ደረሰ። ሮቦቱ በሩን ሊበይድ ሲያጎነብስ ሲሰል ሐሳቧን ቀየረች፤ በሩ በግራ በኩል ይከፈት አለች። ሆን ብላ ነው። እኔ ማሳያዬ ላይ አንድ ነገር ለወጥኩ፤ ቶርኪል ራሱን ነቀነቀ፤ ሮቦቱ ቀጥ አለ፣ ዕቃውን ገለበጠና ከሌላው ጎን ቀጠለ። አይጊል ቀለሙን ቀይሮ ጠበቀ። አዳራሹ ውስጥ የሰው ድምፅ የለም። ሲሰል ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች በሁሉም መንገድ ላይ ትገተራለች፤ ሰዎቹም ሳይናገሩ ትከሻዋን ይዘው ወደ ጎን ያደርጓታል። ቀኑ ሳይጋመስ ያ ድንክ ምድጃ ገና ትኩስ እንደሆነ መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

ክሬስተን ዞሮ ዞሮ አየው። "በር አለው" አለ።

ምሳ ቤት ሰበሰበችን። ጥቁር ዳቦውና በላዩ የሚቀባው የተፈጨ ጉበት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፣ ባንዲራዋም እንደቆመች። "አራት ነጥብ ሁለት" አለች ሲሰል፣ ፊቷ እየበራ። "እስካሁን ከሰጠኋቸው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ኮፐንሃገኖቹን አልፋችኋል።" ከዚያ ጭብጨባውን ጠበቀች።

አንድ ሰው የቡና ስኒውን አስቀመጠ።

"ከስንት ነው?" አለ አይጊል።

"ከአምስት።"

"ከአምስት በላይ የለም?"

"የለም።"

"እንግዲህ..." አለ አይጊል።

"ትንሽ ከፍ አላለም?" አለ ክሬስተን።

"ይሄ ጋዜጣ ላይ ይወጣል" አለ አይጊል። "ወተት ልገዛ ሱቅ ስገባ ሰው ምን ይለኛል? አራት ነጥብ ሁለት መጣ ነው የሚባለው። ሚስቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዷ ናት፤ እነዚያን ሴትዮዎች ታውቋቸዋላችሁ።" ከጥግ በኩል የመስማማት "እህ" ተሰማ። አይጊል ወደ ሲሰል ጎንበስ አለ፣ እንደ ደግ ነጋዴ። "ሦስት ተኩል ብታደርጊውስ? ሦስት ተኩል ሰው ፊት ይዘውት የሚቆሙት ቁጥር ነው።"

"ሦስት ተኩል ከሆነ ትዘጋላችሁ" አለች ሲሰል። "በዚህ ሥራ ላይ ሰው ሁሉ ጨምሪልኝ ነው የሚለኝ። ቀንሺልኝ ብሎ የለመነኝ የለም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ ገበያ አይደለም። ትፈርማላችሁ ወይስ አትፈርሙም?"

ደሜ ፈላ። "አይጊል፣ ቁጥሩ ውሸት ነው?" አልኩት።

"ውሸት አላልኩም።"

"ታዲያ ፈርም።"

"ቦዲል፣ ተረጂኝ እንጂ። ከሥሩ ስሜን ካስቀመጥኩ ጎበዝ ነኝ ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው ይበለው።"

"ምን ሌላ ሰው አለ? ሁላችሁም እዚሁ ናችሁ። ከሰማይ ይውረድ?"

አይጊል ወደ ክሬስተን አየ፣ ክሬስተን ወደ መስኮቱ አየ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ማጠቢያው አዞርኩ።

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ።

"እኔ እለዋለሁ" አለ ቶርኪል።

ዞርኩ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አጠለቀ፣ እንደገና አወለቀ። ጆሮው በርበሬ መስሏል።

"ጎበዞች ነን" አለ።

ሰው መሃል ሱሪው የወለቀ ያህል ሁሉም ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። ክሬስተን የባንዲራዋን እግር ማስተካከል ጀመረ።

"አይጊል ቀለም ሲቀባ አይቼ አልጠግብም" አለ ቶርኪል። "ክሬስተን ጥሩ አለቃ ነው። ሮቦቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ሮቦት ነው። አራት ነጥብ ሁለት ልክ ነው።"

"ቶርኪል፣ ይበቃል" አለ አይጊል ቀስ ብሎ፣ እንደሚለማመጥ።

"አልጨረስኩም።" ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመደደ። "ይሄ ፋብሪካ ከተዘጋ ቦዲል ትሄዳለች። ቦዲል ደግሞ..." እዚህ ላይ ተያዘ። ጉድለት የለባትም እንደሚል ጠበቅሁ፤ እሱንም ቢል በቃኝ ነበር። "ቦዲልን እወዳታለሁ" አለ። "ጠዋት ስትነዘንዘኝ ነው ቀኑ የሚጀምርልኝ። እሷ ከሌለች ያ ቤት ለእኔ ምኔም አይደለም። ስትሄድ ቆሜ ማየት አልችልም።"

የአይጊል ግንባር በላብ ወርዝቷል። እጁን ወደ ሲሰል ዘረጋ። "አምጪው። የት ነው የምፈርመው?" አላት። "ቶሎ በይ፣ ሌላ ሳይጨምርብን።"

ታብሌቷ ላይ በዚያ ወፍራም ጣቱ ፈረመ፤ ክሬስተን ቀምቶት ከሥሩ ፈረመ። ሲሰል አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ላከችው። መስመሩ የእኛ ሆነ። ማንም አልጨበጨበም፤ ሁሉም ባንዴ ሥራ ትዝ ብሎት ወጣ፣ ምሳውን እንኳ ያልጨረሰ ነበር። አይጊል በቶርኪል አጠገብ ሲያልፍ ትከሻውን በቡጢ መታው፣ ሳያየው።

ከሰዓት በኋላውን ባለቤቴ የብየዳ መነጽሩን ከፊቱ አላነሳም። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ዝናብ ስለነበር እየሮጥን መኪናችን ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገባ፣ ግን አላስነሳውም። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል።

"አበዛሁት እንዴ?" አለኝ።

"አበዛኸው" አልኩት። እንባዬ አልቆም ብሎኛል።

"አይጊል ነገ አያናግረኝም።"

"አያናግርህም።"

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "እህትሽ ትጠብቅሻለች" አለ። "እንደማትመጪ ንገሪያት።"

እዚያው ተቀምጠን እንዳለን ደወልኩላት።